ጽሕፈትና ማስተዋል በዲላ

ቃል የልብ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው የላኪውን አሳብ ትቶ በመንገድ የለቀመውን ወሬ ያደረሰ እንደ ሆነ ግን፥ ላኪው ዝም ቢል ይሻለው ነበር። በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚጻፈው ጽሕፈትም ብዙ ጊዜ የሚደክመው ሰዋስው በመጕደሉ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው የራሱን አሳብ ሳይልክበት በመቅረቱ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዲላ ከተማ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዙሪያው ያለው የጌዴኦ ምድር ቡናው ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር፥ እንሰቱም ከቡናው ጎን ተስማምተው የሚያድጉበት ነው፤ ስለዚህም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ከኮሌጅነት ተነሥቶ ለዩኒቨርሲቲነት የበቃው የዲላ ዩኒቨርሲቲም የዚህን ምድር ልጆችና ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሚመጡትን ወጣቶች ባንድነት ያስተምራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሁለተኛውና ከፍተኛው ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የጌዴኦ ልጅ ከእናቱ ጋር በጌዴኡፋ ይነጋገራል፤ በከተማው ገበያ አማርኛ ይሰማል፤ የዩኒቨርሲቲውን ፈተና በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አሳቡ በአንዱ ቤት ተቀምጦ ቃሉ ከሌላው ቤት ይጠራል።

እንግዲህ ከይርጋ ጨፌ የመጣ አንድ ተማሪ ስለ ቡና ጻፍ ቢባል «ቡና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ብሎ ይጀምራል። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቡና ከቶ ያላየም ሰው ሊጽፈው ይችላል። አስተዋይ መምህር ቀይ ቀለሙን ከማንሣቱ አስቀድሞ ይጠይቀዋል።

«ይህን ከወዴት አገኘኸው?»

«ከመጽሐፍ፥ መምህር።»

«አባትህስ ባለፈው ኅዳር እሸቱን ቡና ለማን ሸጠ? ዋጋውን ማን ቈረጠው?»

ተማሪው ጥቂት ዝም ይልና ይተርካል። የተለቀመው ቀይ እሸት ብዙ ሳይቈይ ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ፥ ስለዚህም ገበሬው ዋጋ እስኪወጣ ሊጠብቅ እንደማይችል፥ ሚዛኑም በገዢው እጅ እንደ ሆነ ይናገራል። መምህሩም «እንግዲያውስ ይህን ጻፍ» ይለዋል። ጽሕፈቱ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛው ቢሰናከልም የሚናገረው ነገር አለውና የሚሰናከለውን ማቅናት ይቻላል፤ ባዶውን ግን የሚያቀና ሰዋስው የለም።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ተማሪው ብሶቱን ካገኘ በኋላ ነጋዴውን ሁሉ ሌባ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩም «ነጋዴው አሁን በዚህ ቢቀመጥ ምን ይመልስልሃል?» ይለዋል። የመኪናው ኪራይ፥ የብድሩ ወለድ፥ የዓለም ገበያ መውደቅ ሁሉ ይቈጠራል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሐረር፥ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ እንደ ጠየቀ፥ ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋርም ከተደረገው ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት እንደ ተፈረመ ያነባል። የአባቱ ማሳ ስም በሩቅ አገር ዋጋ እንዳለው ባወቀ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ሂሳዊ አስተሳሰብ የተባለው ትምህርት ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ግብሩ በአገሩ የታወቀ ነው። በጌዴኦ ሽማግሎች ሶንጎ ተቀምጠው ከሳሹም ተከሳሹም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጡም። በቅኔ ቤትም ተማሪው የሌላውን ቅኔ እየሰማ ይማራል፤ ነገር ግን የራሱን ዘርፎ በመምህሩ ፊት ነግሮ እስኪታረም ድረስ ተቀኘ አይባልም። ዩኒቨርሲቲው ከነዚህ ሁለቱ ቢማር፥ ከሶንጎው ምስክር መመርመርን፥ ከቅኔው ቤት የራስን አሳብ ማውጣትን ያገኛል።

የዚህ ትምህርት ጥቅም ከፈተና ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከሁለቱም ወገን የመጡ ልጆች ባንድ ወንበር ሲቀመጡ ስለዚያ ዘመን ጻፉ ማለት ለመምህሩ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ዝም ማለት ግን ነገሩን ለወሬ መተው ይሆናል። አንዱ «እነርሱ እንዲህ አደረጉ ተባለ» ብሎ ቢጽፍ፥ መምህሩ «ተባለ» ከሚለው ቃል በታች መስመር ያሠምርበትና «ማን አለ? ማንስ አየ?» ብሎ ይመልስለታል። ልጁ በዐይኑ ያየው የእናቱን የተዘጋ ቤትና በመጠለያ ያደረችበትን ሌሊት ብቻ ቢሆን፥ እርሱን ይጽፋል። በጎኑ የተቀመጠው የጉጂ ልጅም የእርሱን እናት ሌሊት ያነብለታል። ያን ጊዜ ሁለቱ ባይታረቁ እንኳ፥ «እነርሱ» የሚለው ቃል በሁለቱም እጅ ይከብዳል፤ ቀድሞ እንደ ነበረው ቀልሎ አይጻፍም።

ስለዚህ በዲላም ሆነ በሌላው ስፍራ ወጣቱን ጽሕፈት የሚያስተምር ሁሉ፥ ሰዋስውን ሳይንቅ፥ አስቀድሞ «አንተ ያየኸው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ያየውን ከሰማው ለይቶ መጻፍ የተማረ ሰው ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲቀመጥ፥ በእጁ የሚያልፈው ወረቀት የጎረቤቱን ቤት የሚያስፈርስ ሐሰት እንዳይሆን ይጠነቀቃል።