ሰራኩስ ውስጥ ያልፈረሰው ቤት

በሲሲሊ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችውን ሲራኩዛን የሐዋርያት ሥራ አንባቢ ሰራኩስ በሚለው ስሟ ያውቃታል፤ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን የቆየባት ከተማ ናት። ያን ጊዜ ኦርቲጂያ በምትባለው ሰፈሯ የቆመው የአቴና ቤተ መቅደስ ከተሠራ 500 ዓመት አልፎት ነበር። ያስገነባው ገዢው ጌሎን ነው፤ ዘመኑም በ480 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሂሜራ ላይ የካርቴጅን ጦር ድል ካደረገ በኋላ ነው።

ቤቱ ዛሬም አለ፤ የከተማዋ ካቴድራል ሆኗል።

ጎብኚው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ፊቱም መታየት ይገባዋል። ነጭ ድንጋይ ከተነጠፈው አደባባይ ላይ ግዙፍ አምዶች በሁለት ደርብ ተነባብረው ይነሣሉ፤ አናታቸው በቅጠል ቅርጽ ተፈልፍሏል። ከላይ መሐል ላይ እመቤታችን ማርያም ቆማለች፤ በግራና በቀኟ የመጀመሪያው ጳጳስ ማርቺያኖና የከተማዋ ልጅ ሰማዕቷ ሉቺያ አሉ። ታች በደረጃው ግራና ቀኝ ደግሞ ጴጥሮስና ጳውሎስ። የሦስት ቀኑ እስረኛ በደጁ ላይ ቋሚ ቦታ አገኘ።

ይህ ሁሉ ውበት የመጣው ከሐዘን በኋላ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1693 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 60,000 ሰው ገደለ፤ ካታኒያና ኖቶ ፈራረሱ፤ የካቴድራሉም የቀድሞ ፊት ወደቀ። አዲሱን የነደፈው አንድሬያ ፓልማ ሲሆን፣ ሥራው ያለቀው በ1753 ነው። አምዶቹን ከግድግዳው ነጥሎ ወደ ፊት ስላወጣቸው ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጥላው አብሮ ይዞራል፤ ድንጋዩ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የባሮክ ጥበብ ትልቁ ችሎታ እዚህ ላይ ይታያል።

የቤቱን ታሪክ የሚናገረው ግን የጎኑ ግድግዳ ነው። በሰሜን በኩል በሚያልፈው መንገድ የሚሄድ ሰው፣ እንደ ጎን አጥንት ከግንቡ ግማሽ አካላቸው የወጣ የግሪክ አምዶችን በእጁ መዳሰስ ይችላል። ወፍራም ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም፤ ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ ተደርገው ተፈልፍለዋል። አንዳንዶቹ ከነበሩበት ተንሸራተው ዘመም ብለዋል።

በ7ኛው መቶ ዓመት ቤተ መቅደሱ ካቴድራል ሲሆን ግንበኞቹ ብልህ ነበሩ። በአምዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በድንጋይ ሞሉት፤ መሐሉ ላይ የነበረውን ዝግ ክፍል ግድግዳ ደግሞ በቅስት በቅስት ከፈቱት። ከውጭ ክፍት የነበረው ተዘጋ፣ ከውስጥ ዝግ የነበረው ተከፈተ። በዚህ ዘዴ የጣዖቱ ማደሪያ ለብዙ ምእመናን የሚበቃ አዳራሽ ሆነ። በ878 ዐረቦች ከተማዋን ሲይዙ መስጊድ አደረጉት፤ ከ1085 በኋላ ኖርማኖች ወደ ቤተ ክርስቲያንነቱ መለሱት። እያንዳንዱ ባለ ተራ አፍርሶ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ በነበረው ላይ መሥራትን መረጠ፤ በርካታ የዘመኑ ቤተ መቅደሶች የድንጋይ ክምር ሲሆኑ ይህኛው እንደ ቆመ የተረፈው ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ዲሴምበር 13 የሉቺያ የብር ሐውልት በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከቤቱ ይወጣል። ሕዝቡ ነጩን አደባባይ ሞልቶ ይጠብቃል፤ ተሸካሚዎቹም በፓልማ አምዶች ሥር አልፈው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ መካከል ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።