የበሩ ውኃ በየት ይውጣ?

የመኪና በር ውስጥ ውኃ አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ አንድ ክረምት እዚህ ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አሮጌ ቮልስ ይዞ ይክረም። ውኃ ይገባል። ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ መስተዋቱ በጎማና በከፈይ በተለበጠ ቦይ ውስጥ እንዲንሸራተት አድርገው፣ ከዚያ አልፎ ለሚወርደው ውኃ ከበሩ ሥር መውጫ ቀዳዳ ተዉለት።

ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የቦዩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ መስተዋቱ ሲወጣና ሲወርድ ማጋደል ከጀመረ ቆይቷል። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ያደረገላት «ጥገና» የበሩን የታች ጠርዝ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ነበር። በሩ አማረ። ቀዳዳዎቹ ግን አብረው ተደፈኑ፤ ውኃውም ከውስጥ ተኝቶ ላሜራውን ይበላው ጀመር። መግቢያውን ትቶ መውጫውን የሚደፍን ምን ዓይነት ጠጋኝ ነው? (የምጽፈው ስለ በር ብቻ መሆኑን አንባቢ እንደሚያምነኝ ተስፋ አደርጋለሁ።)

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባትላሜ የሚሠሩ አንድ አዛውንት በሩን አንኳኩ፤ ድምፁን አደመጡ። «ዶክተር፣ ቀለሙ ይቆየን» አሉኝ። የውስጡን ልባስ ፈቱ፣ መስተዋቱን አወጡ፣ ያረጀውን ጎማ መንጭቀው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፣ ቀዳዳዎቹን በካቻቢቴ ከፈቱ። አዲሱ ጎማ ከሱማሌ ተራ የተገኘ የሌላ መኪና ጎማ ነው። ከወፈረ መስተዋቱን አንቆ ማንሻውን ይሰብራል፤ ከሳሳ ያንኳኳል። ስለዚህ ማስቲሽ ከመቀባታቸው በፊት እየቆረጡ፣ እየለኩ፣ መስተዋቱን ደጋግመው ሲያወጡና ሲያወርዱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ቆሟል። እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም ይበጅ ይሆናል፤ አልከራከርም። ነገር ግን በመምህር ደመወዝ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ካለ እጁን ያውጣ! ስለሚገቡት መኪኖች ይህን ያህል ሲነገር፣ ያሉትን በሕይወት ስለሚያቆዩት እጆች ማን ምን አለ? እኒህ አዛውንት ረዳት የላቸውም። «ወጣቱ ቀለም መቀባቱን ነው የሚወደው» ብለው ሳቁ።

የግራው በር አልቋል። ለቀኙ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቀጥረውኛል፤ ከተማሪዎቼ አንዱን ይዤ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ።