አንገት ያያል፣ አፍንጫ ይተኩሳል

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ ተዋጊዎች ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ኦጋዴን ሰማይ ላይ ሲተናነቁ፣ ከጀርባ የሚመጣውን ቀድሞ ማየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በዚያ ጦርነት ሚጎችን ጥለዋል፤ በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩና 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታሰሩ።

ዛሬ መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ያንን ፍልሚያ መሞከር የሚያምረው ጎረምሳ ቢኖር፣ ዲሲኤስ ወርልድ የተባለው ሲሙሌተር ሁለቱንም አውሮፕላኖች ያቀርብለታል። ሚጉ ግን ያኔ ሶማሊያ የታጠቀችው ኤምኤፍ የተባለው ሞዴል ሳይሆን ቢስ የተባለው ነው፤ እሱን ደግሞ ከሶቪየት የተቀበለችው ኢትዮጵያ ናት።

ችግሩ ስክሪኑ ፊት ለፊት ብቻ መሆኑ ነው። ለዚህ ሲባል የጭንቅላትን እንቅስቃሴ እየተከተለ እይታውን የሚያዞር ሄድ ትራኪንግ መጣ። ትራክአይአር በሚባለው መሣሪያ ኮፍያ ላይ ሦስት አንጸባራቂ ነጥቦች ይሰካሉ፤ የኢንፍራሬድ ካሜራው እነሱን እየተከተለ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ወደ ኮክፒቱ ይወስደዋል። ኦፕንትራክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ በተራ ዌብካም ፊትን ይከተላል፤ ከጀርባ መስኮት ተከፍቶ ብርሃን ከገባ ግን ፊቱ ይጠፋበታል። ዓይን ከስክሪኑ እንዳይለይ እንቅስቃሴው ይባዛል፦ ጭንቅላት ጥቂት ዲግሪ ዘወር ሲል እይታው እስከ ጅራት ይደርሳል።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሚጉን በዓይኑ ይዞ ቃታውን ይስባል፤ ጥይቱ ግን የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዳመለከተበት ይነጉዳል። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ የተተከሉ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት። በደቂቃ 1,500 ገደማ ስለሚተፉ ቃታውን ሳይለቅ የሚይዝ ሰው 11 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ አንገት ጠላትን ይፈልጋል፣ ጆይስቲክ ያነጣጥራል።

ለማነጣጠር ሲባል ልምድ ያለው ተጫዋች የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ወደ እይታ የሚቀይረውን የሶፍትዌሩን ኩርባ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ያለዚያ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ማነጣጠሪያው ዓይኑ ፊት ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከውድ ጆይስቲክ የበለጠ የሚጠቅመው ይኼ ነው።

አፓቼ ሄሊኮፕተር ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ከሆዱ ሥር ያለው ባለ 30 ሚሊሜትር መድፍ የአብራሪውን የራስ ቁር ተከትሎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 86 ዲግሪ ይዞራል። መጋቢት 2014 ዓ.ም. ለዲሲኤስ የወጣው አፓቼም እንዲሁ ነው፤ ተጫዋቹ ያየበት ይተኮሳል። እዚህ የተባዛ እንቅስቃሴ ጠላት ነው፤ ጭንቅላት ትንሽ ሲንሸራተት ጥይቱ ከዒላማው ርቆ ይወድቃል።

መሞከር የምትፈልጉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በዌብካምና በኦፕንትራክ ጀምሩ። ዲሲኤስ በነፃ የሚሰጠው ሱ-25ቲ አለ፤ የእሱም መድፍ እንደ ኤፍ-5 ወደ ፊት ብቻ ነው የሚተኩሰው።