ጭቃ ጉልበተኛን አይወድም



ሰሞኑን በመስጂዳችን ወጣቶች ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በዝቷል። ስድስት ወይም ስምንት ጎማ ያላት፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የመሰለች ትንሽ መኪና ጫካ ውስጥ ወዳለ ጥልቅ ጭቃ ትገባለች። ጭቃው እስከ ጎኗ ይውጣታል። ትንፏቀቃለች፣ ውሃው ሲጠልቅ ትንሳፈፋለች፣ ከዚያ በወዲያኛው ዳር ብቅ ትላለች። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው በደስታ ይጮኻሉ።

ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለችው ጊዜ አብረን ስንቀመጥ ወጣቶቹ ሁለት ነገር ይጠይቁናል። "ኡስታዝ፣ ይቺ ነገር እንዴት ነው የማትሰምጠው?" ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ "ይህን ማየት ጊዜ ማባከን ነው እንዴ?" ይላሉ።

ሁለተኛውን ባጭሩ እንመልስ። ጨዋታ ሁሉ ብክነት አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ፈረሶች ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ለውድድር የተዘጋጁት ረጅሙን ርቀት፣ ያልተዘጋጁት አጭሩን ይሮጡ ነበር። ዋናው ጥያቄ "ምን ገባህ?" የሚለው ነው። አንድ ወጣት ቪዲዮውን መቶ ጊዜ አይቶ የገባው "ሞተር ካለህ ነዳጅ ስጥና ግባ" ከሆነ፣ ጊዜው ቀርቶ ሕይወቱ ያሰጋናል። ጭቃ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነውና። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም ይኸው ስጋት ነው።

እስቲ ከመኪናዋ እንጀምር።

እነዚህ ተሽከርካሪዎች በየብስም በውሃም የሚሄዱ ናቸው። ታሪካቸው ካናዳ ላይ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ "ጂገር" የምትባል ባለ ስድስት ጎማ ወጣች። በ1967 ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ ኒው ሃምበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ "አርጎ" መሠራት ጀመረች፤ ዛሬም ትሠራለች። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንደ "አቴክስ"፣ "አምፊካት" እና "ማክስ" ያሉ ብዙ ዓይነቶች ወጥተው ነበር። ከአምራቾቹ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። መኪኖቹ ግን አልጠፉም፤ አዳኞችና ረግረግ ውስጥ የሚሠሩ ሠራተኞች ይገለገሉባቸዋል፣ የጭቃ ጨዋታ ወዳጆችም ይሰባሰቡባቸዋል።

አሠራራቸው ቀላል ነው። አካላቸው ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ ገንዳ ነው። አብዛኞቹ ሞላም ባሌስትራም የላቸውም፤ ንጠቱን የሚውጠው ጎማው ራሱ ነው። ሲታጠፉም የፊት ጎማቸው አይዞርም። በቀኝ ያሉት ጎማዎች ፍሬን ሲያዝባቸው የግራዎቹ ይገፋሉ፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ዶዘር ሲዞር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጎማዎቹ በሙሉ በካቴና ከሞተሩ ጉልበት ስለሚያገኙ አንዱ ቢንሸራተት ሌላው ይይዛል። ውሃ ላይ ስትሆን የሚቀዝፉላትም እነዚሁ ጎማዎች ናቸው። ፍጥነቷ ግን ያን ጊዜ ከእግረኛ እምብዛም አይበልጥም።

ምስጢሩ ያለው ጎማው ውስጥ ባለው አየር ነው። ጎሚስታ ቤት ስትሄዱ ለቤት መኪና 30 ወይም 32 ፒ.ኤስ.አይ ይሞላላችኋል። የእነዚህ ጎማ የሚሞላው ወደ 3 ገደማ ብቻ ነው። አንድ አስረኛ ማለት ነው! ጎማው እንደ ትራስ ይተኛና ክብደቷን ሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ መሬቱን የምትጫነው የሰው እግር ከሚጫነው ባነሰ ነው። ሰው የሚሰምጥበት ላይ እሷ ታልፋለች።

ይህ ለእኛ ለወሎ ደረሶች እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ኪታባችንን አዝለን ስንሄድ፣ ክረምት ላይ የዋልካውን ሜዳ ማቋረጥ ነበረብን። ኮንጎ ጫማችን ጭቃው ውስጥ ይቀርና በእጃችን ቆፍረን እናወጣዋለን። ታላላቆቹ ደረሶች "አትርገጥ፣ እለፍ" ይሉን ነበር። በኃይል የረገጠ ይያዛል። መሃል ላይ ቆሞ የሚያስብም ይያዛል። ሣር እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ ግን ሳይቆም የሄደ ይሻገራል። ያኔ ምክንያቱን አናውቅም ነበር። የሣሩ ሥር ክብደታችንን ያከፋፍልልን ነበር ለካ፤ የመኪናዋ ጎማም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የድሮ ደረሶች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከመካከላችን አንዱ ኦሃዮ ይኖራል፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባው እንዲህ ያለ የጭቃ ስብሰባ ላይ ይዞት ሄደ። ያየውንም በድምፅ ላከልን።

ባልደረባው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሽማግሌ ነው። ያለችው ከ50 ዓመት በፊት የተሠራች አቴክስ ናት። አዲስ መግዛት የመኪና ዋጋ ስለሚጠይቅ አሮጌዋን በርካሽ ገዝቶ፣ ሁለት የበረዶ ወራት ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ሲጠግናት ከረመ። ካቴናዋን ቀየረ፣ ኩሽኔታዎቿን አንድ በአንድ አወጣ፣ የተሰነጠቀውን አካሏን ደፈነ።

ስብሰባው የሚደረገው የግል መሬት ላይ ነው። በዚያ አገር ረግረግን እንዲህ እየነዱ ማረስ በብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ሣሩንም የወፎቹን ጎጆም ያበላሻል። ስለዚህ አንድ ባለመሬት ቦታውን ለይቶ ያዘጋጃል፣ የመግቢያ ያስከፍላል፣ ደንብ ያወጣል።

"ወንድሞቼ፣" አለን ጓደኛችን፣ "እኔ የመሰለኝ ባለ ብዙ ጉልበቱ የሚያሸንፍ ነበር።" መጀመሪያ የገባው ትልቅ ፒካፕ ነው። ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ጎማው ሰፊ ነው፣ ሞተሩ ያጓራል። ጎማው ተሽከረከረ፣ ጭቃው ወደ ሰማይ ተረጨ፣ ሰዉ ጮኸ። መኪናው ግን በተሽከረከረ ቁጥር ለራሱ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ ለሰለሰ። በመጨረሻ ሆዱ ጭቃው ላይ ተኛና ቀረ። ከዚያ የሽማግሌው አቴክስ ገባች። ድምጿ እንደ ወፍጮ ነው። ነዳጅ በልኩ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትቆም አለፈች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ "ትንሿ ትልቁን አሸነፈች" ብለን በዘጋነው። ነገር ግን በሁለተኛው ዙር፣ ከጭቃው ሥር ያልታየ የዛፍ ጉቶ ሆዷ ሥር ገባ። ጎማዎቿ መሬት አጡ፤ ስድስቱም በባዶ ተሽከረከሩ። ሽማግሌው ታግሎ አልቆየም። ሞተሩን አጠፋና እጁን አነሳ። ወዲያው ከዳር ያሉት ገመድና ዊንች ይዘው መጡ። ከፊት የመጣው ማን መሰላችሁ? ቅድም ጭቃ ውስጥ የቀረው የፒካፑ ባለቤት!

ጓደኛችንን ከጨዋታው ይልቅ የገረመው ሥርዓታቸው ነው። ማንም ብቻውን አይገባም። ጥልቀቱ በእንጨት ሳይለካ አይገባም። ከገንዳው ሥር ያለው የውሃ መፍሰሻ ውታፍ መዘጋቱን ሳያይ ውሃ የሚነካ የለም፤ ውታፉን የረሳ መሃል ላይ ይሰምጣል። ሄልሜት አለ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ። ማታ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሥራ ይጀመራል። መኪናው ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ግራሶ ይጠጣል፤ ኩሽኔታ ውስጥ ያደረ ጭቃ ብረቱን ይበላዋልና። ዙህር ሲደርስ ጓደኛችን "ንጹህ ቦታ እፈልጋለሁ" ቢለው፣ ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቅ ሸራ አውጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋለት፣ ጄሪካን ውሃም አቀረበለት። አላህ ይምራው።

በዚያ አገር ጥንቃቄ የመጣው በዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባለ ሦስት ጎማ የአሸዋና የጭቃ ሞተር አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ቀላልና ፈጣን ስለነበር ወጣቱ ወደደው። ሲታጠፍ ግን ይገለበጥ ነበር። ሕጻናትና ወጣቶች ሞቱበት፣ ብዙዎችም ተጎዱ። በመጨረሻ በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን መሸጥ አቆሙ።

የዚህ ዓይነት መኪና ከጨዋታ ውጭ የሚሠራውን ማየት የፈለገ ደግሞ ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን ይመልከት። ከ2019 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ጎርፍ መንደሮችን ከመንገድ ቆረጣቸው። ከባድ መኪና አይገባም፣ ጀልባም ጭቃው ላይ አይሄድም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ለማድረስ ካሰማራቸው አንዷ "ሸርፕ" የምትባለው ናት። መጀመሪያ የተሠራችው ሩሲያ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። አራት ጎማ አላት፤ የአንዱ ቁመት 1.6 ሜትር ነው፣ የሰው ቁመት ማለት ነው። ወደ 1,000 ኪሎ ትጭናለች። ውሃ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ቀርፋፋ ናት፣ ግን ትደርሳለች። ስልካችሁ ላይ ሰዎች ሲጫወቱባት የምታዩዋት ያችው ናት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ስጋታችን እዚህ ጋ ነውና።

ከሁለት ክረምት በፊት የአንድ ወጣት ጀናዛ አጠብን። ስሙንም ከተማውንም አንጠቅስም። ይህን ያህል የምንጽፈውም ቤተሰቦቹ "ለሌሎች ልጆች ትምህርት ይሁን" ብለው ስለፈቀዱልን ነው። የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያው ላይ ሲፈስ በሞተር ሊያቋርጥ ገባ። ጓደኛው ከዳር ሆኖ በስልክ ይቀርጸው ነበር። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር አሉ። ስናጥበው ጭቃው ከጥፍሩ ሥር አልለቅ አለን። ሦስት ጊዜ አጠብን፣ አምስት፣ ሰባት። አባቱ በር ላይ ቆመው "ዋና ይችል ነበር እኮ፣ ዋና ይችል ነበር" ይሉ ነበር። አላህ ከሹሀዳዎች ይመድበው፣ ለወላጆቹም ሰብር ይስጣቸው።

ወንድሞች ሆይ! የሚፈስ ውሃን በዓይን አትመዝኑት። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትንሽ መኪና ይወስዳል። 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅና ሞተርማ ምን ይሆናሉ? የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ።

ቪዲዮው የሚያሳያችሁ መሻገሩን ነው። የተዘጋውን ውታፍ፣ 3 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላውን ጎማ፣ በእንጨት የተለካውን ጥልቀት፣ ከዳር ገመድ ይዘው የቆሙትን ሰዎች አያሳይም። የእናንተ ሞተር አይንሳፈፍም። ሽማግሌው የገባበት ውሃ የቆመ ነው፤ የእኛ ወንዝ ግን ይሮጣል።

እና ምን እናድርግ? ሥሩ የማይታይ ውሃ ሲፈስ ካያችሁ ጠብቁ፤ የክረምት ጎርፍ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። የዘገየ ሰው ቤቱ ይገባል። ጓደኛህ ሊገባ ሲል ስልክህን አውጥተህ አትቅረጸው፣ ክንዱን ያዘው። መኪናችሁ ጭቃ ከያዘው ነዳጅ አትጨምሩ፤ ጎማው ጉድጓድ ነው የሚቆፍረው። የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ከሥሩ አስገቡ፣ ሰው ጥሩ። ስትወጡም ቀስ ብላችሁ እስከ ጎሚስታው ድረስ ብቻ ንዱ።

ጋራዥ ለምትሠሩና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ላላችሁ ወንድሞች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ከወራጅ ውሃው ራቁ እንጂ ከመኪናዋ አትራቁ። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ትንሽ ሞተር፦ ይህ ሁሉ በየቀኑ እጃችሁ ላይ ያለ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወላድ በቃሬዛ ጭቃ የምትሻገርበት መንደር ሞልቷል። እዚያ የምትደርስ ቀርፋፋ፣ ቀላል፣ ሰፊ እግር ያላት ነገር የሚሠራ ወጣት ከመካከላችሁ ቢወጣ፣ ያየው ቪዲዮ ሁሉ ከጊዜ ብክነት አይቆጠርበትም።

አላህ ክረምቱን የረሕመት ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ከጎርፍ ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።