ሁለተኛው በረኛ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የታዳጊዎች ቡድን የሚያሠለጥን አንድ መምህር አለ። ለሥልጠናው ደመወዝ አይከፈለውም። ኳስ የሚገዛው ከኪሱና ከነጋዴዎች ለምኖ በሚሰበስበው ብር ነው። ቡድኑ ወደ አምባሰል ተጉዞ ውጫሌ ላይ ሊጫወት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሁለተኛው በረኛ ከልምምድ በኋላ ልጆቹ ሁሉ እስኪሄዱ ጠብቆ መጣና አጠገቡ ቆመ። ጓንቱን አላወለቀም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ እዚህ ያለሁት ልጫወት ነው ወይስ ኳስ ላቀብል?»

«አብሽር፣ ያንተም ቀን ይመጣል» አለው መምህሩ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መምህሩ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ይህችን መልስ ያውቃታል። እሱም በልጅነቱ በረኛ ነበር፣ ሁለተኛ በረኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማልያ ለብሶ ከሜዳው ዳር እየተቀመጠ «ያንተም ቀን ይመጣል» ሲባል ኖሮ፣ ቀኑ ሳይመጣ ቡድኑ ፈረሰ። ለምን እንዳልተሰለፈ የነገረው ሰው አልነበረም። ዛሬ ድረስ አያውቀውም። ደካማ ስለነበረ ይሁን፣ አሠልጣኙ ስሙን እንኳ በትክክል ስላልያዘው ይሁን፣ መልስ የለውም።

በእግር ኳስ ውስጥ እንደ ሁለተኛ በረኛ ግራ የሆነ ቦታ የለም። ተጠባባቂ አጥቂ 20 ደቂቃ ሲቀር ይገባል። ተጠባባቂ አማካይ ሰው ሲደክም ይገባል። ተከላካይም ቢሆን ወደ ክንፍ ወጥቶ ሊጫወት ይችላል። በረኛ ግን አንድ ነው። ሁለተኛው የሚገባው አንደኛው ሲጎዳ፣ ቀይ ካርድ ሲያይ ወይም ሲበላሽበት ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ሳይወድ በግዱ የጓደኛውን ክፉ ቀን ይጠብቃል። ይህን ስሜት በአፉ የሚያወጣው የለም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

መምህሩ ያን ማታ ሲገላበጥ ያስታወሰው የ2005ን አፍሪካ ዋንጫ ነው። ያኔ ኢትዮጵያ ያየ ሁሉ አይረሳውም። ከ31 ዓመት በኋላ ነበር የተመለስነው። ጥር 13፣ ሰኞ ዕለት፣ ኔልስፕሩት ላይ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከዚያ የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ እግሩን ሲያነሳ የዛምቢያውን ተጫዋች መታ። ራሱም ተጎዳ። ቀይ ካርድ አይቶ በቃሬዛ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ሰውነቱን እንኳ በደንብ ሳያሟሙቅ ገባ። ምቤሱማ አንድ አገባበት። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፣ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ወጣን። ያን ማታ አገሩ እንዴት እንደጨፈረ ማውራት አያስፈልግም።

ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። ለሁለተኛ በረኛ ግን ዋናው ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥር 17 ከቡርኪናፋሶ ጋር ዘሪሁን ቋሚ ሆኖ ገባ። 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስተኛውን በረኛ ሲሳይ ባንጫን አሰለፉ። ሲሳይ እስከ 80ኛው ደቂቃ ግቡን አላስደፈረም። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲሳይ ራሱ ሞሰስን ጠልፎ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ቅያሪ አልቋል። ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንፃ ነበር። ሞሰስ ደግሞ መታ፣ 2 ለ 0።

ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት በረኛ፣ በመጨረሻም አንድ አማካይ። በዕድል ማሳበብ ይቻላል፣ ዕድልም አለበት። ቀይ ካርድ አስቀድሞ አይታወቅም። ነገር ግን በዚያው ምድብ ሌላም ቡድን ግብ ጠባቂውን በቀይ ካርድ አጥቷል፣ ያውም ከእኛው ጋር ሲጫወት። የቡርኪናፋሶው አብዱላዬ ሱላማ ከሳጥኑ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ ከእረፍት በኋላ ሲባረር ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ነበር። ተጠባባቂው ዳውዳ ዲያኪቴ ገባ። እኛ በአሥራ አንድ፣ እነሱ በአሥር ሆነው ሦስት ግብ ጨመሩብን። እኛ አንድም አላገባንበትም። ዲያኪቴም ከዚያ በኋላ አልወጣም። ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ (ጋናን በመለያ ምት ያሸነፉበት)፣ ከዚያም በናይጄሪያ 1 ለ 0 የተሸነፉበት የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሁሉንም በረኛው እሱ ነው።

እኛ ግን አንድ ጨዋታ ተሸንፈን ሁለተኛውን አስቀመጥን። አሠልጣኙ የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ሐይቅ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በዲኤስቲቪ የሚያይ ሰው የልምምዱን ሜዳ አላየም። ቢሆንም አንድ ነገር ከሻይ ቤትም ይታያል። አንደኛው በረኛ ሲሳሳት «ቀኑ አልነበረም» ይባላል፣ ሁለተኛው ሲሳሳት ግን «አየኸው? ለዚህ ነው ሁለተኛ የሆነው» ይባላል። ተመሳሳይ ስህተት ነው፣ ፍርዱ ግን ሁለት ዓይነት።

ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቹ ክለቦቻችን በረኛ ከውጭ ማምጣት ይወዳሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ግቡን ያስጠበቀው በዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንግካራ ነው። ጎበዝ በረኛ ነበር፣ አይካድም። የውጭ በረኛ ባመጣ ክለብ ሁሉ ግን ኢትዮጵያዊው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ይለማመድና እሑድ ይቀመጣል። ከዚያ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ በመቶ ሺህ ሕዝብ ፊት ቁም ይባላል። ያልተጫወተ በረኛ ዓይኑ ይዘገያል። መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚቆም በጨዋታ እንጂ በልምምድ ብቻ አይማረውም።

አምባሰል ላይ ስለ ተጠባባቂ ሲወራ ግሸን መነሳቷ አይቀርም። ዛሬ ምእመናን መስከረም 21 የሚጎርፉባት አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ወንድ ልጆች ተጠብቀው የሚኖሩባት ነበረች። ንጉሥ ሲሞት አንዱ ይወርዳል፣ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ከነገሡ በፊት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት እዚያ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባዋን እስኪይዛት ድረስ ሥርዓቱ ቆየ። ታሪክ ወዳዶች ይህን ሲያነሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጭካኔው ወይም ስለ ብልሃቱ ይከራከራሉ። ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ወንበር የተሠራው ተጠባባቂው ዝግጁ እንዲሆን አልነበረም፣ አንደኛው ተረጋግቶ እንዲቀመጥ ነው። መንግሥት ማስተዳደርን ማንም አያስተምራቸውም፣ ከሕዝብ አይገናኙም። አንዱ ወርዶ ታላቅ ንጉሥ ሲወጣው ከወንበሩ የተነሳ ሳይሆን ወንበሩን ተቋቁሞ ነው። (ቁልቁል ሐይቅ እስጢፋኖስ የነበሩት አበምኔት ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ዐቃቤ ሰዓት ይባሉ ነበር፣ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህ አካባቢ የጠባቂ ወግ አያጣም።)

ብዙ አሠልጣኞቻችን ሳያውቁት የግሸንን ሥርዓት ነው የሚከተሉት። አንደኛው እንዳይደነግጥ ሲሉ ሁለተኛውን ይደብቁታል። ወዳጅነት ጨዋታ እንኳ ለአንደኛው ይሰጣል።

አሜሪካኖቹ በራሳቸው እግር ኳስ ኳርተርባክ የሚሉት ተጫዋች አላቸው። ኳሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፣ ሜዳ ላይም በአንድ ጊዜ የሚኖረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣጣው ከበረኛ ጣጣ ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2018 በዩኒቨርሲቲዎች የፍጻሜ ጨዋታ አላባማ በጆርጂያ 13 ለ 0 እየተመራ እረፍት ወጣ። አሠልጣኙ ኒክ ሴባን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሸንፍለት የኖረውን ጃሌን ኸርትስን አስቀምጦ የአንደኛ ዓመት ተማሪውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። 26 ለ 23 አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ቱዋ ቋሚ፣ ኸርትስ ተጠባባቂ ሆኑ። ኸርትስ ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ሲችል ቆየ። ታኅሣሥ 1 ቀን ከዚያው ከጆርጂያ ጋር በሌላ የዋንጫ ጨዋታ ቱዋ ተጎዳ። ኸርትስ ገብቶ የተመሩበትን ጨዋታ ገልብጦ 35 ለ 28 አሸነፈ። ተገፍቶ የተቀመጠ ልጅ ያን ቀን ዝግጁ ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ እንደሚያስፈልግ ሰው ተይዟል፣ እሱም እንደሚያስፈልግ ሰው ሠርቷል።

ሁሉም እንዲህ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የኔዘርላንዱ ቫን ኻል ለመለያ ምት ብሎ በ120ኛው ደቂቃ ሲሌሰንን አውጥቶ ክሩልን አስገባ። ክሩል ሁለት አዳነ፣ ኮስታሪካ ወጣች፣ ዓለም አጨበጨበ። ለሲሌሰን ግን አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር። ሲወጣ ጠርሙስ በእግሩ ጠለዘ። ከአርጀንቲና ጋር ወደ መለያ ምት ሲደርሱ ቅያሪ አልቆ ስለነበር ግቡ ላይ የቆመው ያው ሲሌሰን ነው፣ አንድም ሳያድን ተሸነፉ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ «ለዚህ አትሆንም» የተባለ ሰው ምን ዓይነት ልብ ይዞ ይቆማል?

የሐይቁ መምህር ነገር ከዚህ ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለው። የቡድኑን ማልያ የገዛው ነጋዴ የአንደኛው በረኛ አጎት ነው። ለውጫሌው ጉዞ ሚኒባስ የሚከራየውም እሱ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ «የወንድሜን ልጅ አሰልፍ» ብሎም አያውቅም። ማለትም አላስፈለገውም። ሁለተኛው ልጅ አባቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ያጠምዳል፣ ለቡድኑ ያዋጣው ነገር የለም። መምህሩ ለራሱ እውነቱን ሲናገር ሁለቱ ልጆች አይበላለጡም። አንደኛው ከፍ ያለ ኳስ ላይ ይሻላል፣ ሁለተኛው ከግብ ፈጥኖ በመውጣት። ልጁን «ያንተም ቀን ይመጣል» ያለው ከኳሱ ይልቅ ሚኒባሱን አስቦ መሆኑን ሲያውቅ ነው እንቅልፉ የጠፋው።

በማግስቱ ከልምምድ በፊት ሁለቱንም ጠራቸው፣ አንድ ላይ። ለየብቻ ቢጠራቸው እያንዳንዱ የሰማውን ለሌላው እያዞረ እንደሚነግረው ያውቃል። ውጫሌ ላይ አንደኛው ይሰለፋል አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም የእሱ ነው። ሦስተኛው ጨዋታ የሁለተኛው ነው።

«ብናሸንፍም?» አለ አንደኛው።

«ብናሸንፍም። ብንሸነፍም። አንተ ጥሩ ብትጫወትም። እሱ ደግሞ ቢገባበት በማግስቱ አላስቀምጠውም፣ አንተ ሲገባብህ እንደማላስቀምጥህ።»

አንደኛው ፊቱ ጠቆረ። ሁለተኛው ግን አልፈነጠዘም፣ ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው ከማን ጋር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ ቀድሞ መድረስ ጀመረ።

ውጫሌ ላይ 1 ለ 1 ወጡ። ከጨዋታው በፊት ሁለተኛው በረኛ ለአንደኛው 40 ያህል ኳስ መታለት። በፊት አሥር መትቶ ይሰለች ነበር። አንደኛውም የገባበትን ግብ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ለሁለተኛው በእጁ እያሳየ «እንዲህ መጣ፣ አንተ ብትሆን ትወጣ ነበር» ሲለው ተሰምቷል።

መምህሩ ሁለተኛውን ጨዋታ ካለፉ በኋላ ለአጎትየው ደውሎ፣ የፊታችን እሑድ የሚሰለፈው ሌላኛው ልጅ መሆኑን ከሰው ከመስማቱ በፊት ራሱ ነገረው። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ስለ ሚኒባሱ እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋ። ይህ ከሆነ አራት ቀን ሆነው። እስካሁን አልደወለም። መምህሩ ከባልደረቦቹ የመኪና ኪራይ ማሰባሰብ ጀምሯል።