ከተሞክሮዬ፦ ሻይ ሻጯ ቀድመውኝ ነበር

ጅቡቲ ከተማ ዳር ያሉ ጉድጓዶች ውሃ ለመጠጥ ይሆን እንደሆነ ልመረምር ስሄድ በራሴ እተማመን ነበር። አገሬ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ አውቃለሁ። የባሕር ዳር ጉድጓድ ግን ሌላ ጠባይ አለው።

1. አንዴ የተለካ ውሃ እንዳልተለካ ነው። የመጀመሪያውን ናሙና የቀዳሁት ማለዳ ፓምፑ እንደተነሣ ነበር። የውሃውን ጨዋማነት የሚጠቁመው የኮንዳክቲቪቲ መለኪያዬ ደስ የሚል ዝቅተኛ ቁጥር አሳየኝ። ከጉድጓዱ አጠገብ ሻይ ለሚሸጡ የድሬዳዋ እናት «ውሃችሁ ደኅና ነው እትዬ» አልኳቸው።

«የጧቱን አይተህ ነው ልጄ? ከሰዓት ና፤ ያኔ ሻዩ ስኳር ይፈጃል።»

ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ከሰዓት ስመለስ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ጨው የሌለው ውሃ ቀለል ስለሚል በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ከባሕር ወለል በላይ በ1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ፓምፑ ያችን አንድ ሜትር ሲቀንስ ጨዋማው ከሥር ሽቅብ መምጣት ይጀምራል። ቀመሩን ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። አሁን ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውሃ ፈስሶ ሳያልቅ አልቀዳም፤ ጧትም ከሰዓትም እለካለሁ፤ መዝገቤ ላይ «ሻይ» የሚል ዓምድም አለ።

2. ጥቂት ባሕር ብዙ ነው። «ሁለት በመቶ ቢቀላቀል ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር። የባሕር ውሃ በሊትር 19,000 ሚሊግራም ገደማ ክሎራይድ አለው፤ ሁለት በመቶው 380 ነው። ምላስ ደግሞ ከ250 ጀምሮ ያውቀዋል።

3. ጨው ሁሉ ከባሕር አይመጣም። ይህቺ አሳፍራኛለች። ከባሕሩ ራቅ ያለ አንድ ጉድጓድ ጨዋማ ሆኖ ሳገኘው ሪፖርቴ ላይ «የባሕር ውሃ ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ። ወጪ ለመቆጠብ ብዬ ናይትሬቱን አላስመረመርኩም ነበር። በኋላ ሲመረመር በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ወጣ፤ ይኸውም የዓለም ጤና ድርጅት ለጨቅላ ሕፃናት ሲል ያስቀመጠውን ወሰን ያለፈ ነው። ክሎራይዱን ለብሮማይዱ ሳካፍለውም፣ ጨው ከባሕር ቢመጣ ኖሮ 290 አካባቢ መሆን የነበረበት ውጤት በጣም በልጦ ተገኘ። ጥፋተኛው ባሕሩ ሳይሆን የሰፈሩ መጸዳጃ ጉድጓዶች ነበሩ። የላክሁትን ሪፖርት «ተሳስቻለሁ» ብዬ እንደገና ላክሁ። ባሕሩ ቅርብ ሲሆን ሁሉን በእሱ ማላከክ ይቀላል።

4. ጀርም ጣዕም የለውም። ለኢ. ኮላይ ምርመራ የቀዳኋቸውን ጠርሙሶች በረዶ ላይ ሳላኖራቸው በጅቡቲ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትቼ ምሳ በላሁ። ሙቀቱ የጀርሙን ቁጥር ስለሚለውጥ ሁሉንም ደፋኋቸው።

5. «አይጠጣም» ብሎ መሄድ ሥራ መጨረስ አይደለም። አንዲት እናት ውጤቱን ስነግራቸው «ባፈላውስ?» አሉኝ። ከልማድ «አዎ፣ ያፍሉት» አልኩ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጨውም ናይትሬትም አይቀንስም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይጠነክራል። በማግስቱ ተመልሼ ቃሌን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በቧንቧ ውሃ እየገባ መሆኑን ብነግራቸው እጃቸውን ወደ ደረቀው ቧንቧቸው ዘረጉ።

«እዚህ እስኪደርስ ምን ልጠጣ?»