ልጅ ያቦካው እራት

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ፣ ልጅ ያቦካውን በልቶ የሚያድር ቤት ብዙ አይቻለሁ። ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ፣ ያ እራት ስለሚያስከፍለው ዋጋ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች ጥቂት ልበል።

አስቀድሜ አንድ ነገር እንለይ። ልጅ ሥራ እየለመደ ማደጉን አልቃወምም። ጉና ተራራ ሥር ተወልዶ ጥጃ ሳይጠብቅ፣ ኩበት ሳይለቅም፣ ውኃ ሳይቀዳ ያደገ ሰው የለም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። በቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸው እረኛ ሠራተኛ ልጅ ነው። ሲመሽ ግን እናቱ ቤት ይገባል፣ ሲያተኩሰው ግንባሩን የሚዳስስለት አለው። ስለዚህ «ልጁ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማታ የት ያድራል? ትምህርት ቤት ሲከፈት የት ነው? ቢታመም ማን ያየዋል?

በእኛ አካባቢ በሦስቱም ጥያቄዎች የሚወድቀው የሰሊጥ ሥራ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ካስገኙልን ሰብሎች አንዱ ነው፤ ከመተማና ከሁመራ ተነሥቶ ቻይናና እስራኤል ድረስ ይሄዳል። ጠባዩ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሲደርስ ፈጥነው ካላጨዱት ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለ እርሻው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል። እነዚያ ሳምንታት ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ናቸው።

በደጋው በኩል እንየው። በዚያው ወቅት ገብሱ ገና አልታጨደም፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ትምህርት ቤትም ደብተር ይላል። ቆላ ሠራተኛ ሲያጣ ደጋ ብር ያጣል ማለት ነው። ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት የሚነሣው ሰው ወረታ ወርዶ፣ በጎንደር አድርጎ ወደ መተማ ይጫናል። ከአዋቂዎቹ መካከል የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉ። ደላላው ዕድሜ ሲጠይቅ «18» ይላሉ፤ ደላላውም አምኖ ያልፋል።

አንዱን ልጅ አልረሳውም። 1998 ዓ.ም. ነበር፤ አባቱ በመጋቢት አዝሎ አመጣው። ለሰሊጥ አጨዳ መስከረም ላይ ሄዶ፣ ኅዳር ላይ አዲስ ጫማ አድርጎ በደኅና ተመልሷል። ከወራት በኋላ ትኩሳት ያዘውና አልለቅ አለው፣ ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ ተነፋ። አባትየው «ሲስተር፣ ያ ጫማ ነው ጉዱ፤ ያየ ሰው በላው» አሉኝ። አንድ ወር ጠበል ተጠምቋል። ሆዱን ስዳስሰው ጣፊያው አብጦ እምብርቱ ድረስ ወርዷል። በሽታው ካላዛር ነበር።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። በቆላ በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ ደጅ የሚያድር አጫጅ ሲሳይዋ ነው። ክፋቱ በሽታው ከንድፊያው በኋላ ወራት ቆይቶ መታየቱ ነው። ልጁ በደኅና ተመለሰ ብለን እልል ካልን በኋላ ይመጣልና ከመተማ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ይህ የአንድ ቤት ጣጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር መግባቱ ታወቀ። የቆላ በሽታ ነው ሲባል ስለኖረ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፍተው፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ18 አይበልጥም። አጥኚዎች እንደሚሉት በሽታውን ያመጡት ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ በኋላ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ እረኛም ግራር ሥር በተኛበት ተነደፈ።

ያ ልጅ ድኗል። ሕክምናው ነፃ ነበር። ነገር ግን ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ ሲወጋ አባት አስታማሚ ሆኖ ከረመ፣ ለመሳፈሪያና ለስንቅ በጎች ተሸጡ፣ የበልጉ እርሻ ጦሙን አደረ። ልጁ ከመተማ ያመጣው ብር የዚህን ሩብ አይሞላም ነበር። ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰም።

ሕግ የለም አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቀድሞ 14 የነበረውን ዝቅተኛ የመቀጠሪያ ዕድሜ 15 አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም መሥራት የለበትም። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየሰሊጥ እርሻው አይደርስም። ከተማ ውስጥ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩትን ልጃገረዶች ደግሞ አዋጁ ራሱ በወጉ አይሸፍናቸውም። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መዋያ ያጣ ልጅ ለደላላ ቀላል ሆኗል።

ስለዚህ የሚቀረው የእኛው የወላጆችና የአያቶች እጅ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከቤት ርቆ ለሥራ አይሂድ። ከዚያ በላይ ሆኖ የግድ የሚሄድ ካለ አጎበር ይያዝ፣ ግራር ሥር አይተኛ፤ ከተመለሰም በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ «ቆላ ሄዶ ነበር» ብላችሁ ለሐኪም ንገሩ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን አይዘግይ። ቤታችሁ የሰው ልጅ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ደግሞ፣ ቢያንስ የማታ ትምህርት ትግባ፤ ስታማትብ የምትተኛበት ቦታም ለገዛ ልጃችሁ የምትመርጡት ዓይነት ይሁን።

ከሁሉ በላይ ልጁን ቆላ የሚያወርደው የሦስት ወር ክፍተት መሆኑን እናስብ። በእኛ ሰፈር ዕድር ነሐሴ ላይ ለተቸገሩ አባሎች ለደብተርና ለዩኒፎርም የምትሆን አነስተኛ ብድር እንሰጣለን፤ ገብሱ ተወቅቶ ሲሸጥ ታኅሣሥ ላይ ይመልሳሉ። እስካሁን የካደ የለም። ብሩ ብዙ አይደለም፤ ግን መስከረም ላይ የስንቱን ልጅ ስም ከመኪና ላይ አውርዶ መዝገብ ላይ አስፍሯል። ዕድር የሌለበት መንደር የለምና፣ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይወጣ በየዕድራችሁ ብትነጋገሩበት መልካም ነው።